ሎቤዱን ሰንጋ ተራ ያስገባንበት ሌሊት

አንድ ኤክስካቫተር ከቃሊቲ ሰንጋ ተራ ማድረስ ነበረብን። የሕንፃ መሠረት ሊቆፍር ነው። መንገዱን የማጥናቱ ሥራ የእኔ ነበር። አራት ቀን ፈጀብኝ። አሁን ቢሆን አምስት አደርገው ነበር።

መጀመሪያ የለካሁት መንገዱን ሳይሆን ጭነቱን ነው። ማሽኑ ሎቤዱ ላይ (ከባድ ማሽን የሚጫንበት ዝቅ ያለ ተጎታች ላይ) ወጥቶ፣ ክንዱ ታጥፎ፣ ከአስፋልት እስከ ጫፉ 4 ሜትር ከ25 ሆነ። ወርዱ 3 ሜትር ከ20። የካታሎግ ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ካታሎጉ የእናንተን ሎቤድ ከፍታ አያውቅም።

ከባድ መኪና በቀን መሃል ከተማ ስለማይገባ ጉዞው የሌሊት ነው። የመረጥኩት ሳሪስ፣ ጎተራ፣ ቄራ፣ ቡልጋሪያ፣ ሜክሲኮን ነው። በስታዲየም በኩልም ይኬድ ነበር። ግን ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች በአንድ ድልድይ ላይ ነው የሚሄዱት፤ ከሥሩ ደግሞ ምሰሶ አለ። ከምሰሶ ጋር ጎን ለጎን ከመሄድ ሜክሲኮ ላይ አንዴ ሰንጥቆ ማለፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ሜክሲኮ ላይ ያሳሰበኝ የድልድዩ ከፍታ ሳይሆን መታጠፊያው ነው። ረጅም ሎቤድ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል። ስለዚህ የመታጠፊያውን ወርድ ለክቼ፣ ቃሊቲ ግቢያችን ውስጥ በድንጋይ ምልክት አድርገን፣ ሎቤዱን ባዶውን አሳጠፍነው። በመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ድንጋይ ጨፈለቀ። በሦስተኛው አለፈ።

ሽቦዎቹን የለካሁት በሌዘር ሜትር ነው። እንጨት ወደ መብራት ሽቦ ማስጠጋት ሞት መጥራት ነው፤ ደረቅ ቢሆንም አታድርጉት። ቀን ላይ ግን የሌዘሯ ቀይ ነጥብ አትታይም። ሽቦውም ቀጭን ስለሆነ ነጥቧ እየሸሸች ሰማይ ትለካለች። ሲመሻሽ እየወጣሁ፣ ልክ ከሥሩ ቆሜ፣ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ለካሁ። መሃል ላይ ነው መለካት ያለበት፤ የሚረግበው እዚያ ነው።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተነሳን። ትራፊክ ፖሊስ ከፊት፣ እኔ በእግሬ ከኋላ። ሾፌራችን ስንነሳ «ወንድሜ፣ የፊቱን እኔ አያለሁ። አንተ የኋላውን ጎማ ጠብቅልኝ» አሉኝ። ሜክሲኮን በሰላም አለፍን።

ችግሩ የመጣው መጨረሻው ኩርባ ላይ ነው። ቦታውን ካየሁት አሥር ቀን ሆኖኛል። በአሥር ቀን ውስጥ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቶ፣ ጠርዙ ላይ የብረት ምሰሶ ተተክሏል። አሥር ቀን ለአዲስ አበባ መንገድ ብዙ ነው፤ ይህን ማሰብ ነበረብኝ። የኋላው ጎማ ምሰሶው ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው አስቆምኩ።

በሌላኛው ጎን ሰፋ አድርገን እንዙር ብለን ስንነጋገር፣ የጎረቤቱ ግቢ ዘበኛ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ መጡ። «ልጄ፣ በዚህ አታስገቡት። ሥሩ ባዶ ነው» አሉኝ። የፍሳሽ ቦይ ክዳን ነበር፤ አፈር ስለሸፈነው አላየሁትም። በከዘራቸው መቱት። እንደ ከበሮ ጮኸ። ማሽኑ ብቻውን 30 ቶን ነው።

«አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ፣ ሎቤዱን በባትሪ እየመራን ወደ ኋላ መለስነው። ማሽኑን ሰፊው መንገድ ላይ አውርደን፣ ሰንሰለቱ አስፋልቱን እንዳይበላው አሮጌ ጎማ እያነጠፍን፣ በራሱ እግር አስገባነው። ሊነጋጋ ሲል ጨረስን።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ለውጫለሁ። በጉዞው ቀን ከሰዓት መንገዱን እንደገና በእግሬ እሄዳለሁ። ስሄድም ዘበኞችን፣ ሊስትሮዎችን፣ ጀበና ቡና የሚያፈሉትን እጠይቃለሁ። ቱቦው የት እንደተቆፈረ፣ ክረምት ላይ ውሃ የት እንደሚተኛ እነሱ ያውቃሉ።

ማሽኑ ቁፋሮውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ይህንኑ አደረግሁ። የቦይ ክዳኑ ተቀይሯል፤ አባባም እዚያው በራቸው ላይ ናቸው። ሰላም ብያቸው ቀና ስል፣ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው አዲስ የስልክ መስመር ተዘርግቷል። ሲመሻሽ ጠብቄ ለካሁት። 4 ሜትር ከ10። መስመሩ እስኪነሳ ጉዞውን በሁለት ቀን አራዘምነው።