በርሜል ውስጥ የማይጠፋው ሞተር

የአጎቴ ጀልባ ሞተር ባለ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ቱ ስትሮክ ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው እናመላልስበታለን፤ ስንመለስ አንዳንዴ ቡናም እንጭናለን። አምና ክፉ አመል አወጣ። ደህና ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ይላል። ገመዱን ስትስበው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል።

መጀመሪያ ጉድ የሠራን የካቲት 16 ነው፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለሙ የሚሄዱ ሰዎች ጭነን ጀልባዋ ሙሉ ነበረች። ልንደርስ ስንል፣ ደንገሉ ፊት ለፊት ጠፋ። እናቶች "እመቤቴ ድረሺልን!" አሉ። አጎቴ መቅዘፊያ እየፈለገ እኔን ይገላምጠኛል። ለሦስተኛ ጊዜ ስስበው ተነሳ። ደግነቱ ጠዋት ነበር። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ጣና ላይ ያለ ሞተር መቅረት ቀልድ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሳስበው አፍራለሁ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ቀየርኩ። የቤንዚን ፊልትሮ ቀየርኩ። አንድ ሽማግሌ መካኒክ "ልጄ፣ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተሩ ነው፤ ቤንዚን በዝቶበታል" አሉኝ። ነገራቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ቶሎ ይጠቁራል። የእኛም ጠቁሮ ነበር። ካርቡራተሩን ፈትቼ አጠብኩ። ሞተሩን ውኃ የሞላ በርሜል ውስጥ አቁሜ አንድ ሰዓት ሙሉ አስነሳሁት። እንደ ንብ እያለ ሠራ። በማግስቱ ሐይቁ ላይ ጠፋ።

ያኔ እሳቱን፣ ማለትም የካንዴላውን ብልጭታ መጠርጠር ጀመርኩ። ካንዴላ አውጥቶ ብሎኩ ላይ አስደግፎ ብልጭታውን ማየት ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ ግን አያሳምንም። ሜዳ ላይ እሳቱ በቀላሉ ይዘላል። ሲሊንደር ውስጥ አየሩ ሲታመቅ ነው የሚከብደው። ስለዚህ እንጨት ላይ ሁለት ብሎን በ8 ሚሊ ሜትር ገደማ አራርቄ መታሁና አንዱን ከማሳ (ከሞተሩ ብረት አካል)፣ አንዱን ከካንዴላው ገመድ አያያዝኩ። የላይኛው ሲሊንደር ሰማያዊ፣ ጠንካራ እሳት ሰጠ። የታችኛው እሳት ግን አንዳንዴ ብቻ ነው የሚዘለው። የካንዴላውን ኮፍያ ከገመዱ ፈትቼ ሳየው ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። የገመዱን ጫፍ ትንሽ ቆርጬ አዲስ ኮፍያ አጠበቅኩበት። አገኘሁት ብዬ ለአጎቴ ደወልኩ።

አላገኘሁትም። ብልሽት ነበር፣ ግን ሌላ ብልሽት። ይኼ ነው እኔን የሸወደኝ። በሦስተኛው ቀን እንደገና ጠፋ። ተናድጄ ከአዲስ አበባ ሲዲአይ፣ ማለትም ለካንዴላዎቹ እሳት የሚልከውን የኤሌክትሪክ ሳጥን አስመጣሁ። ዋጋውን አልናገርም፤ አጎቴ ሊያነብ ይችላል። ገጠምኩት። ያው ነው።

ገመድ የሚያስርልን ልጅ ነው ነገሩን የፈታው። "ጋሼ፣ ልንቆም ስንዞር ነው እኮ ሁሌ የሚጠፋው" አለኝ። ቆም ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ነው። ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ሲሊንደር ብቻ እሳት ሲያጣ ሞተሩ ጉልበት አንሶት እየተንገዳገደ ይሄዳል እንጂ ቀጥ አይልም። የእኛ ግን ቀጥ ነው የሚለው። ሁለቱም እኩል ጠፉ ማለት ችግሩ ሁለቱ በጋራ የሚጠቀሙበት ነገር ላይ ነው። ካንዴላና ኮፍያ ስቀይር የከረምኩት በከንቱ ነበር።

በዚህ ሞተር እሳቱ ከባትሪ አይመጣም። ፍላይዊሉ (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ጎማ) ላይ ያለው ማግኔት ሲዞር ከሥሩ ያለው ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ሲዲአዩ ያጠራቅመውና በሰዓቱ ይለቀዋል። የማጥፊያው ቁልፍ ሥራ ያንን ኤሌክትሪክ ወደ ማሳ ማፍሰስ ነው፣ በቃ። ቁልፉ ሳይነካ ሽቦው በራሱ ማሳ ካገኘ ሞተሩ አጥፋ የተባለ ይመስለዋል። ሽቦው ደግሞ በመሪው እጀታ ውስጥ ነው የሚያልፈው።

የማጥፊያውን ሽቦ ከሲዲአዩ ነቅዬ ጫፉን በናስትሮ ጠቀለልኩ። ሰው ሳንጭን ወጣን። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ ሞተሩ አልጠፋም። እንዲህ ስታደርግ ግን ቁልፉ አያጠፋልህም፤ ቾኩን፣ የአየር መዝጊያውን፣ ዘግቼ ነው ያፈንኩት። እንደዚያ ትቶ መሥራት ደግሞ ሞኝነት ነው። ሾፌሩ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ጀልባዋን የሚያቆማት የለም።

ዳር ወጥተን፣ ሁለት ነገር ሲገናኝ የሚጮኸውን ቴስተር በሽቦውና በማሳው መካከል አደረግኩ። እጀታው ቀጥ ሲል ዝም። ወደ ቀኝ ስገፋው "ጢጥ!" አለ። እጀታው ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ የሽቦው ልባስ ተፍቆ ተፍቆ የጥፍር ታህል መዳብ ወጥታለች። በርሜል ውስጥ ለምን እንደማይጠፋ ያኔ ገባኝ። በርሜል ውስጥ ማን መሪ ያዞራል?

የተፋቀውን ቆርጬ በየድኩት፤ ናስትሮ ብቻ ስላላመንኩ የላስቲክ ቱቦ አለበስኩት። ሲዞር እንዳይወጠር ትንሽ ላላ አድርጌ መለስኩት። ቁልፉን ስጫን ጠፋ። ሾፌሩ ላይ የሚታሰረውን ቀዩን የማጥፊያ ገመድ ስነቅልም ጠፋ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሁለቱን ሳልሞክር፣ እጀታውንም ጥግ እስከ ጥግ ሳላዞር ሰው አልጭንም።

አጎቴን ማሳመን ግን ሌላ ሥራ ነበር። መቅዘፊያውን እስከ ፋሲካ ድረስ ከእግሩ ሥር አላነሳውም።