«አውትስታንዲንግ»፦ የላቀ ነው የቀረ?

ደብረ ብርሃን ላይ ወደ አማርኛ ከምመልሳቸው የእንግሊዝኛ ወረቀቶች ውስጥ እንደ «አውትስታንዲንግ» እጅ የሚይዝ ቃል አላገኘሁም። በመዝገበ ቃላት ቶሎ የሚገኘው ፍቺ «የላቀ፣ ጎልቶ የሚታይ» ነው። ሥሩም ይኸው ነው፤ ወደ ውጭ ወጥቶ የቆመ፣ በጣርማበር አፋፍ ላይ እንደተገተረ ቋጥኝ። የብድር ወረቀት ላይ ግን ሳይከፈል የቆመ ማለት ይሆናል። እኛ ዕዳን በሰው ላይ እንጭነዋለን፣ «አለበት» እንላለን፤ እንግሊዝኛው ዕዳውን ራሱን ያቆመዋል።

ዘዴው ቃሉን ከመተርጎም በፊት ጎኑ ያለውን ስም ማንበብ ነው።

ስሙ ብድር ሲሆን «ቀሪ» እላለሁ። 60,000 ብር ተበድሮ 22,000 ለመለሰ ሰው ወለዱን ትተን 38,000ው «አውትስታንዲንግ» ነው። ቀድሞ «ውዝፍ» ብዬ እጽፍ ነበር፤ ስሕተት ነው። ውዝፍ የመክፈያ ቀኑ ያለፈበት ነው፤ ለዚያ እንግሊዝኛው «ኦቨርዱ» የሚል የራሱ ቃል አለው። የማዳበሪያ ብድሩን በቀኑ እየከፈለ ላለ የመንዝ ገበሬ «ውዝፍ ዕዳ አለብዎ» የሚል ወረቀት ማድረስ ስሙን ማጥፋት ነው። አንድ ቃል ነው፣ ግን ቀጣዩን ብድር ሊያስከለክለው ይችላል።

ቼክ ላይ ደግሞ «ያልተከፈለ» ማለት ያሳስታል። አንባቢው ስንቅ የሌለው፣ ማለትም በሒሳቡ በቂ ገንዘብ የሌለበት ቼክ ብሎ ይረዳዋል፤ እሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ነገር ነው። እዚህ የተባለው ተጽፎ የተሰጠ፣ ግን ገና ለባንክ ያልቀረበ ቼክ ነው። የባንኩን ሒሳብ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር በሚያመሳክረው የሒሳብ ማስታረቂያ ላይ በቁጥር ማየት ይበጃል፦ ባንኩ 48,500 ብር ካለ፣ ያልቀረቡት ቼኮች 6,200 ይቀነሳሉ፤ ገቢ ተደርጎ ባንኩ ገና ያልመዘገበው 3,000 ይደመራል። ሌላ ልዩነት ከሌለ 45,300ው ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ይገጥማል።

አክሲዮን ላይም ወጥመዱ ያው ነው። «ያልተከፈለ አክሲዮን» ካልን ባለአክሲዮኑ ፈርሞ ገንዘቡን ያልጨረሰበት ይመስላል። ትክክሉ «በባለአክሲዮኖች እጅ ያለ» ነው፤ ኩባንያው ካወጣቸው 1,000 አክሲዮኖች 100ውን መልሶ ገዝቶ ከያዘ፣ 900ው ናቸው።

ቃለ ጉባኤ ላይ «እልባት ያላገኘ»፣ የእስር ማዘዣ ላይ «ያልተፈጸመ» እላለሁ። ተማሪ ወይም አፈጻጸም ላይ ብቻ «የላቀ» ቦታውን ያገኛል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1972ቱ የዓለም ቅርስ ስምምነት የተጠቀመበትም በዚሁ በላቀ ትርጉሙ ነው።

ከባዱ «ሥራ» ነው። የቀረ ሥራም፣ የላቀ ሥራም በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ምልክት እፈልጋለሁ፦ ከፊቱ «በእውነት» የሚል ቃል ካለ ምስጋና ነው፤ «ሪሜይንስ» (ይቀራል) የሚለው ከቀደመው፣ ወይም አጠገቡ የማጠናቀቂያ ቀን ካለ የቀረ ነው። ምልክቱ ከጠፋ አልገምትም፤ ደብዳቤውን የጻፈውን ሰው ደውዬ እጠይቃለሁ፣ መልሱን እስካገኝም ያን መስመር ክፍት እተወዋለሁ።