ከበሩ ሦስተኛዋ ወንበር

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ባቡር ስታይ ነፍሷን አታውቅም። በድሮ ፉርጎ መልክ የተሠራ ምግብ ቤት እንዳለ ስሰማ፣ ቁርስ እዚያ እንበላለን አልኳት።

የመጀመሪያው ቀን አልሆነልንም። እሑድ ረፋድ ላይ ሄድን፤ ቤቱ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ብዙ ጠብቀን ጓዳው አጠገብ አስቀመጡን። ጣሪያው ሥር በተዘረጋ መደርደሪያ ላይ የምትዞረው ትንሽዬ ባቡር ከዚያ አትታይም። ልጄ ድምፅ በሰማች ቁጥር አንገቷን ስታሰግግ አንጀቴን በላችው።

በሁለተኛው ቀድሜ ደወልኩ። «ባቡሯ በደንብ የምትታየው ከየት ነው?» አልኩ። ባንኮኒው ጋ፣ በሥራ ቀን፣ በር ሲከፈት ኑ አሉኝ። እንደተባልነው አደረግን። ባንኮኒው ጋ መጥበሻው ፊት ለፊት ነው። እንቁላሉ ቸስ ሲል ይሰማል፣ ባቡሯ በአናታችን ታልፋለች።

አስተናጋጁ ወረቀትና እርሳስ ሰጠን። ድሮ በአሜሪካ ባቡሮች የምግብ ፉርጎ ውስጥ ተሳፋሪው የሚፈልገውን ራሱ ጽፎ ይሰጥ ነበር፤ አስተናጋጆች በቃል አይቀበሉም። እኔ ልጽፍላት ስል እርሳሱን ነጠቀችኝ። አንዷን ፊደል ሁለት ጊዜ አጥፍታ ጻፈቻት። ሰውዬው ሳይቸኩል ቆሞ ጠበቃት። በዚያ ሰዓት ቤቱ ጭር ያለ ነበር፤ እሑድ ቢሆን ይህን ማን ይታገሣታል?

ቤቱ ከሥራ የወጣ እውነተኛ ፉርጎ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። የዚህ ዓይነት ቤቶች አብዛኞቹ ገና ሲሠሩም ምግብ ቤት ናቸው። መነሻቸው በ1872 እ.ኤ.አ. ዋልተር ስኮት የሚባል ሰው በአሜሪካ ፕሮቪደንስ ከተማ ማታ ማታ ምግብ የሸጠበት፣ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ነው። የባቡሩ ታሪክ ለብቻው ነው፤ የባቡር ፉርጎ አምራቹ ጆርጅ ፑልማን ለምግብ ብቻ የተሠራውን «ዴልሞኒኮ» ፉርጎ ያወጣው በ1868 እ.ኤ.አ. ነበር። ሁለቱም ጠባብ ስለሆኑ ወጥ ቤታቸው ይመሳሰላል፤ አብሳዩ ሳይራመድ እጁን ዘርግቶ ሁሉን ያገኛል። ባቡር ላይ ግን ሲወዛወዝ ሰሐን ሊንሸራተት ይችላል። ይህን ስነግራት ልጄ ሰሐኗን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

እንቁላሉ ሳይደርስ ባቡሯ ቀጥ አለች። ልጄ ክው አለች። ሰውዬው መሰላል አምጥቶ ሐዲዱን በጨርቅ ጠረገ። ጨርቁ ጠቆረ፤ አሳያት። ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው ከሐዲዱ በብረት ጎማዎቹ በኩል ነው፣ የመጥበሻው ቅባትና አቧራ ሲጋገርበት ይቋረጣል አላት። ከዚያ ማብሪያውን አንቺ ተጫኚው አለ። እሑድ ዕለት ስልኬን ይዤ ፎቶ ሳሳድድ ነበር። ያን ቀን ከኪሴ አላወጣሁትም፤ ስትጫን ፊቷን አየሁት።

ከዚያ ወዲህ የምንቀመጥበትን አውቀናል። ከበሩ ሦስተኛዋ ወንበር ላይ ከሆናችሁ ባቡሯ ኩርባው ላይ ቀስ ትላለች፤ ፉርጎዎቹን መቁጠር ትችላላችሁ። ስድስት ናቸው።