አንድ ነገር ብቻ ለምኜ ነበር

የእግዚአብሔር ስም የተመሰገነ ይሁን። ይህን ምስክርነት የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው።

ቤታችን ፒያሳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ነው። ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። በ2014 ዓ.ም. የወር አበባዬ ያለ ልክ ይበዛብኝ ጀመር፤ በአልትራሳውንድ ሲታይ ማሕፀኔ በማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ባልሆነ ዕጢ፣ አብጦ የአራት ወር እርግዝና ያህል ሆኗል። የደም ማነስ የሚለካበትና ከ12 መውረድ የሌለበት ሄሞግሎቢኔ 7 ደረሰ። ደሙ ስለማይቆም በየወሩ በ23 የአራዳው ጊዮርጊስን የምሳለመው ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ነበር፤ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ እሰማለሁ፣ ለሰው ግን ምክንያቱን አልናገርም።

መድኃኒቱ አልበጀኝም፤ ማሕፀኑ መውጣት አለበት ተባለ። ሐኪሙ ታጋሽ ሰው ነበሩና ሦስቱንም መንገድ ወረቀት ላይ እየሣሉ አስረዱኝ። በታች በኩል ማውጣት ሆድ ስለማይከፈት ከሁሉም ቶሎ ያስነሣል፤ ያለፈ ኦፕራሲዮንም ብቻውን አይከለክለውም፤ ነገር ግን እኔ በምጥ ወልጄ ስለማላውቅ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ማሕፀኑም ትልቅና ወደ ታች የማይወርድ ነው። በላፓራስኮፒ ከሆነ ሆድ በጋዝ ተነፍቶ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ይሠራል፤ ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ትልቅ ማሕፀንና ብዙ መጣበቅ ሲገናኙ ግን ረጅም ጊዜና በደንብ የለመደ እጅ ይፈልጋል፣ መሃል ላይም ሆድ ወደ መክፈት ሊዞር ይችላል። ሆድ ከፍቶ መሥራት ማገገሚያው እስከ 6 ሳምንት ነው፤ ለእኔ የመረጡት ግን እርሱን ነበር። «በየትኛውም ብንሄድ የምጠነቀቀው ለአንድ ነገር ነው» አሉኝ፤ «የሽንት ፊኛዎ በድሮው ጠባሳ ላይ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል ስናላቅቀው እንዳይቀደድ ነው።»

ይህን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። የአክስቴ ልጅ በተመሳሳይ ኦፕራሲዮን ፊኛዋ ተነክቶ፣ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከባለቤታቸው ጋር ባቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል እስክትጠገን ድረስ ሽንቷ እየፈሰሰ ከሰው ተለይታ ኖራለች። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ በየቀኑ እየደወለች «በላፓራስኮፒ ካልሆነ እንዳትስማሚ» ትለኛለች። እኔም ብዙ ሌሊት የጸለይኩት ለዚያው ነበር፤ እግዚአብሔርን ስለ መሣሪያ አዝዘው ነበር ማለት ይቀላል። የንስሐ አባቴ ሰምተው «መንገዱን ለእርሱና ለሐኪሙ ተዪው፣ አንቺ የምትፈሪውን ንገሪው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ «ፊኛዬን ጠብቅልኝ» ብቻ እል ነበር። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር ደሜ እንዲመለስ ከብረት ክኒኑ ጋር የጾሙን ነገር ፈቱልኝ፤ ሁለት ከረጢት ደምም ተሰጠኝ።

መጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ሆዴ በድሮው ጠባሳ ላይ ተከፈተ። ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት አልጋው ጎን የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት ነው፤ ውስጡ ያለው ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበር። የፈራሁት ደረሰ ብዬ ማልቀስ ስጀምር ሲስተሯ እየሮጠች መጣች። «አይዞዎት፣ ቀለም ነው» አለችኝ። ነገሩን ሐኪሙ ማታ ሲመጡ ተረዳሁት። ፊኛው እንደ ሙጫ ተጣብቆ ስላገኙት በመሃል መጎተቱን ትተው ካልተነካው ከጎን በኩል ጀምረው በመቀስ ጥቂት በጥቂት አላቅቀውታል፤ ሲጨርሱም በሽንት ቱቦው በኩል ሰማያዊ ቀለም ያለው ውሃ ሞልተው፣ ሥፍራውን በነጭ ፋሻ እየጠረጉ ጠበቁ። «ፋሻው ነጭ እንደሆነ ቀረ» አሉኝ። እኔ በልቤ የማን እጅ እንደነበረበት አውቄዋለሁ፤ የእርሳቸውን እጅም አላቃልልም፤ በዚያ እጅ ነው የጸሎቴ መልስ የመጣው።

ቱቦው ከወጣ በኋላ ባለው ሌሊት በየሰዓቱ እየነቃሁ አንሶላውን በመዳፌ እዳብስ ነበር። ደረቅ ነበር። እህቴም ስትሰማ ስለ ላፓራስኮፒ ሌላ አላነሣችም።

ስድስተኛው ሳምንት የሞላው በሚያዝያ 23፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል ዕለት ሆነ፤ ቀኑን እኔ አልመረጥኩትም። ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ፣ የተሳልኩትን ጧፍና ዕጣን ይዤ፣ ባለቤቴ ደረጃውን እየደገፈኝ ወጣሁ። ከአጥሩ ውጪ የለመድኳትን ቦታዬን አለፍኩና ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።