መብረቅን ሩጫ ብቻ አይበቃውም
እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ውስጥ ያሉ የአገሬ ልጆች ውሻዬን መብረቅን ባዩ ቁጥር «እንዲህ ያለ ውሻ ከየት ይገኛል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መልሼ «ጊዜ አላችሁ?» እላቸዋለሁ።

መብረቅ ቦርደር ኮሊ የተባለ በግ ነጂ የውሻ ዘር ነው። ዘሩን ያወጡት በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር የሚኖሩ በግ አርቢዎች ናቸው። የዛሬዎቹ ኮሊዎች ትውልድ ሲቆጠር እ.ኤ.አ. በ1893 በሰሜን እንግሊዝ ኖርዘምበርላንድ ውስጥ የተወለደው ኦልድ ሄምፕ የተባለ ውሻ ጋ ይደርሳል። ሄምፕ የሚታወቀው በዝምታው ነው፤ ዝቅ ብሎ ዓይኑን በበጎቹ ላይ በመትከል ይነዳቸው ነበር። እኛ አገር ውሻ በጎችን ከጅብና ከቀበሮ ይጠብቃል እንጂ አይነዳም፤ መንዳት የእረኛው ልጅ ሥራ ነው። ኮሊ ግን ያንን የልጁን ሥራ ይሠራል። «ከም ባይ» ሲባል በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ፣ «አዌይ» ሲባል በተቃራኒው ዞሮ መንጋውን ይሰበስባል። በግ አይቶ የማያውቀው እንኳ የሚሮጡ ሕፃናትን፣ ብስክሌትን፣ ይባስ ብሎ መኪናን ሊከብብ ይነሣል። ስለዚህ መንገድ ዳር መብረቅን ከማሰሪያው አልፈታውም።

ብዙ ሰው ኳስ እየወረወረ ሲያስሮጠው ይውላል። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሩጫ ብቻውን ጉልበቱን ያጠነክረዋል፣ ልቡን ግን አያሳርፈውም። ቼዘር የተባለችው የአሜሪካ ቦርደር ኮሊ ጆን ፒሊ ከተባሉ የሥነ ልቦና መምህር ከ1,000 በላይ የመጫወቻ ስሞችን ተምራለች። መብረቅም «ገመዱን አምጣ»፣ «ኳሱን ተው» ሲባል በአማርኛ ይሰማል። ቁርሱን በሳሎኑ ማዕዘናት እደብቅለታለሁ፤ በአፍንጫው እያነፈነፈ ፈልጎ ሲያገኝ የሚያሳየው ደስታ ያስደንቀኛል። ከዚያ በኋላ ምንጣፉ ላይ ጸጥ ብሎ መተኛትንም እንደ ትምህርት አስተምሬዋለሁ፤ ይህ ዘር ዕረፍትን ራሱ አያውቅም።

ጸጉሩ ድርብ ስለሆነ በየሳምንቱ ይበጠራል። እንግዶች ከፍቅር የተነሣ በወጥ የራሰ እንጀራ ሊያጎርሱት ሲሉ ግን እከለክላለሁ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ። የኮሊ ወገን የሆኑ አንዳንድ ውሾች ደግሞ አይቨርሜክቲን የተባለውን የጥገኛ ትላትል መድኃኒት በከፍተኛ መጠን አይችሉትም፤ ከመስጠታችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

ቀኑን ሙሉ ሥራ የምትውሉና ቤት የሚቀር ሰው የሌላችሁ፣ እባካችሁ ሌላ ዘር ምረጡ። የቆረጣችሁ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት በእንግሊዝ የበጋ ወራት ሊድስ ባለችበት በዮርክሻየር ገጠር ውስጥ በሚደረጉት የግብርና ትርኢቶች የእረኛ ውሾችን ውድድር ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዩ።