የገበታ መሀል

ደሴ በሚገኘው ቤታችን ስድስት ሰው የሚያስቀምጥ የምግብ ጠረጴዛ ከገባ ወዲህ መሀሉን በምን እንደማስጌጠው ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በመጀመሪያ ረጅም የመስታወት የአበባ ማስቀመጫ ገዝቼ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ሞላሁበት። ጠረጴዛው ላይ ሰው ሳይኖር ያምር ነበር፤ እንግዳ ሲቀመጥ ግን ፊት ለፊት ያሉት ሰዎች ተያይተው ለመጫወት አንገታቸውን ግራና ቀኝ ማዘንበል ግድ ሆነባቸው፣ ትሪው ሲመጣ ደግሞ ማስቀመጫውን በሁለት እጄ አቅፌ የማኖርበት አጥቼ ቆምኩ። እናቴ ያን ጊዜ «የገበታ መሀል የወጡ ነው፣ ልጄ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሁሉም በየሳህኑ በሚበላበት ቤት የጠረጴዛው መሀል ክፍት ስለሚሆን አበባም ሻማም ያለ ችግር ይቀመጥበታል፤ እኛ ግን ከአንድ ትሪ ስለምንቆርስ መሀሉ ባለቤት አለው። ስለዚህ ለእኛ የሚስማማው ጌጥ እንግዳው እጁን እስኪታጠብ ድረስ የሚቆይ፣ እንጀራው ሲቀርብ በአንድ እጅ የሚነሣ፣ ቡናው ሲፈላ ወደ ቦታው የሚመለስ ነው።

አሁን የምጠቀመው እናቴ የሰፋችውን ሙዳይ ነው። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ስለማይበልጥ ማንንም ከማንም አይጋርድም። ስንደዶው በአክርማ እየተጠቀለለ በወስፌ የተሰፋ ሲሆን ወገቡን ቀይና አረንጓዴ አለላ ዞሮታል፤ በጣት ሲዳሰስ እያንዳንዱ ዙር ከበላዩ ካለው ጋር የተያያዘበት ስፌት ይታወቃል። ክዳኑን አንሥቼ በመስከረም ከጦሳ ተራራ ግርጌ የማመጣውን አደይ አበባ፣ በሌላው ወራት ከጓሮ የምቆርጠውን ጤና አዳም አደርግበታለሁ።

መጀመሪያ ላይ የአበባውን አገዳ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልዬ እንዲሁ ከተትኩት። ሲመሽ ቀዩ አለላ ቀለሙን ለቅቆ የጠረጴዛውን ነጭ ልብስ አበላሸው፤ እኔ ግን ያዘንኩት ለጨርቁ ሳይሆን እናቴ ዓይኗን አድክማ ለሠራችው ስፌት ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃው በሻይ ብርጭቆ ሆኖ ሙዳዩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከአፉ አንድ ጣት ያህል አጉድዬ ስለምሞላው ሲነሣ አይፈስም። አደዩንም ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት እቆርጠዋለሁ፣ ውሃው ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ አራግፋለሁ፤ ቅጠሉ ከተተወ በስብሶ ውሃውን ያገማዋል።

አሪቲን በተመለከተ አጥብቄ የምይዘው ሐሳብ አለኝ። መዓዛው ብርቱ ስለሆነ ከዶሮ ወጥ ጋር በአንድ ገበታ ሊቀርብ አይገባውም። ቦታው ከቡናው ዘንድ ነው፤ ስለዚህ ትሪው ተነሥቶ ጠረጴዛው ከተጠረገ በኋላ፣ አቦሉ ሊቀዳ ሲል፣ ሁለት ሦስት ዘለላ ከአበባው መካከል እሰካለሁ።

ባለፈው መስከረም እንግዶቻችን በረካ ጠጥተው ከሄዱ በኋላ እናቴ ሙዳዩን ወደ መብራቱ አቀረበችው፤ ብርጭቆውን አውጥታ ታቹን በመዳፏ ዳሰሰችው። ደረቅ ነበር።