ከመንገድ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት

ባለፈው ክረምት ለሐምሌ ገብርኤል ሐዋሳ በገባሁበት ሰሞን አብሮ አደጎቼ ዓሣ ሊጋብዙኝ ሐይቅ ዳር ወሰዱኝ። ሾርባው ተጠጥቶ፣ ጥብሱ በዳጣ እየተበላ ጨዋታው ወደ እኔ ኑሮ ዞረ። ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ መዛወራችንን ሲሰሙ አንዷ፣ «ታዲያ ምን ችግር አለው? አሜሪካ ያው አሜሪካ ነው፤ ከመነኸሪያ ወደ ታቦር ክፍለ ከተማ ቤት እንደ መቀየር አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ሌላው ተቀብሎ፣ «ቴክሳስ የገቢ ግብር የለም፣ ቤቱም ርካሽ ነው ይባላል። እስከ ዛሬ ሜሪላንድ ምን ታደርጉ ነበር?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄያቸው ከክፋት እንዳልመጣ አውቃለሁ። ሆኖም ውስጤ ተቃጠለ፤ እኛም ከመነሣታችን በፊት የተነገረን ይኸው ብቻ ነበርና። የጓደኛዬ ወንድም የሚኒሶታ በረዶ ሰልችቶት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ዳላስ ለመምጣት ዕቃ እየሸጠ መሆኑን እዚያው ማዕድ ላይ ሰማሁ። በአንድ ምሳ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቴክሳሷ ዳላስ ግን ከ2,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ርቀቱ ቀላሉ ነገር ነው፤ ተነድቶ ይደረሳል። ከባዱ ነገር የስቴቱን ድንበር ስታልፉ ሌላ መንግሥት ውስጥ መግባታችሁ ነው። መንጃ ፈቃዱ ይቀየራል፣ ታርጋው ይቀየራል፣ የደመወዙ፣ የሕክምናውና የትምህርት ቤቱ ሕግ ሁሉ ይቀየራል። ቴክሳስ ለአዲስ ገቢ መኪናውን ለማስመዝገብ 30 ቀን፣ መንጃ ፈቃዱን ለመለወጥ ደግሞ 90 ቀን ይሰጣል። ልጁ ኮሌጅ የደረሰ ቤተሰብ በነዋሪ ዋጋ ለማስተማር በአብዛኛው 12 ወር ኖሮ ማሳየት አለበት፤ እስከዚያ የሚጠየቀው ክፍያ እጅግ የከበደ ነው።

እኔ ያደግሁት የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ መምህር ስለነበር ሐዋሳ የገባነው በዝውውር ነው። ከነበርንበት ቀበሌ መሸኛ አጻፈ፣ ለአዲሱ ቀበሌ አስገባ፣ አለቀ። ዕቃችን ከመኪናው ወርዶ ሳያልቅ ጎረቤት ቡና አፍልቶ ጠራን። እናቴ ብዙ ሳትቆይ እድር ገባች። ለእኔና ለወንድሞቼ ትምህርት ቤት የተገኘው አባቴ ርዕሰ መምህሩን ስለሚያውቅ ነው። በሀገራችን ሰው የሌለው ሰው ጉዳዩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ይኖራል፤ ይህን ስናማርር ኖረናል፣ ማማረራችንም ተገቢ ነው። አሜሪካ ግን መሸኛ የሚጽፍም የሚቀበልም የለም። ከእናንተ ጋር ድንበር የሚሻገረው የብድር ታሪካችሁ፣ ማለትም ዕዳችሁን በወቅቱ መክፈል አለመክፈላችሁን የሚያሳየው መዝገብ ነው፤ እሱም ቀድሟችሁ ይደርሳል። አከራዩ ፊታችሁን ከማየቱ በፊት እሱን አይቶ ጨርሷል።

እኛ ሐበሾች ከተማ የምንመርጠው በሰው ነው። ዘመድ የት አለ? ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ የት ነው? እንጀራ የት ይሸጣል? በዚህ እኮራለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ወገናችን የበዛው በዚህ መንገድ ነው። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ የተሰየመው ወገን ወገኑን እየጠራ ስለተሰባሰበ ነው። አራስ ስትተኛ ገንፎ የሚያገነፋ፣ መርዶ ሲመጣ ሌሊት በር የሚያንኳኳ ሰው የሚገኘው እዚያ ነው። ችግሩ የሚጠራን ሰው የሚነግረን ግማሹን ብቻ መሆኑ ነው። በስልኩ ቪዲዮ ጋራዡን ያሳያል፤ የቤቱን የግብር ወረቀት አያሳይም። «ኑ፣ ይህ ለቤተሰብ የሚሆን ሀገር ነው» ይላል፤ የትኛው ሰፈር ለየትኛው ቤተሰብ እንደሚሆን አይናገርም። ወገኖቼ፣ ይህ ዝምታ ሰው ይጎዳል።

ግብሩን በተመለከተ፣ ቴክሳስ የስቴት የገቢ ግብር አለመቁረጡ እውነት ነው። ሜሪላንድ ስቴቱም፣ ከስቴቱ ሥር ያለው አስተዳደር ካውንቲውም ይቆርጣሉ። ነገር ግን የቴክሳስ ከተሞችና ትምህርት ቤቶች በእጅጉ የሚተዳደሩት በንብረት ግብር ነው። ቤት የገዛ በየዓመቱ ይከፍለዋል፣ የተከራየም ኪራዩ ውስጥ ተደምሮ ያገኘዋል። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ሜሪላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው። ቴክሳስ የሚከተለው የፌዴራሉን 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ አልተነካም። ከዚያ በላይ የሚከፍል ቀጣሪ ብዙ ነው፣ አልክድም። ቢሆንም አዲስ ገቢና እንግሊዝኛው ገና የሆነ ሰው ከቀጣሪው ጋር ሲነጋገር ሕጉ ከጀርባው የሚቆምለት እስከዚያች ድረስ ብቻ ነው።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከእኛ ጋር ይኖራል። ሜሪላንድ ሳለን ገቢው አነስተኛ ስለነበር መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች በሚሰጠው የሕክምና ሽፋን፣ በሜዲኬድ ይታከም ነበር። ሜሪላንድ ይህን ሽፋን ልጅ ለሌላቸው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አዋቂዎችም አስፍታለች፤ ቴክሳስ አላሰፋችም። ስለዚህ የስኳር መድኃኒቱን በቦርሳው ይዞ ድንበሩን ሲሻገር የሕክምና ካርዱ ዋጋ አጣ። መድኃኒቱ እያለቀ በሄደ ቁጥር ቤታችን ውስጥ የነበረውን ጭንቀት የማውቀው እኔ ነኝ። «ግብር የለም» ብሎ በስልክ የጠራን ሰው ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን የትምህርት ቤቱ ነገር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚተዳደሩት በካውንቲ ነው፤ 23ቱ ካውንቲዎችና ባልቲሞር ከተማ፣ በድምሩ 24 አስተዳደሮች ናቸው። ቴክሳስ ግን ዲስትሪክት የሚባሉ ከ1,000 በላይ የትምህርት ቤት አስተዳደሮች አሏት፣ ወሰናቸውም ከከተማ ወሰን ጋር አይገጥምም። ለምሳሌ የሪቻርድሰን ዲስትሪክት ከዳላስ ከተማም የተወሰነ ክፍል ይዟል፤ ፖስታው ላይ «ዳላስ» የሚል አድራሻ ያለው ልጅ የሪቻርድሰን ተማሪ ሊሆን ይችላል። እኛ የተከራየነው አፓርታማ ከበረንዳው ላይ አንድ ቀይ ጡብ ትምህርት ቤት ይታያል። ባለቤቴ የአከራዩን ቢሮ ሠራተኛ፣ «ልጃችን የምትማረው እዚያ ነው?» ብሎ ጠየቃት። «አዎ፣ በእግሯ ትሄዳለች» አለችው። ይህን ቃል ይዘን ፈረምን። የማይመለሰውን የማመልከቻ ገንዘብ ለእያንዳንዱ አዋቂ ከፍለን፣ ገቢያችን የኪራዩን ሦስት እጥፍ መሆኑን በወረቀት አሳይተን፣ መብራት የሚሸጥልንን ድርጅት ራሳችን መርጠን (እዚያ አካባቢ ምርጫው የነዋሪው ነው) ገባን።

ለምዝገባው ዋዜማ ልጄን ሹሩባ ስሠራት አመሸሁ። ባለቤቴ ሙሉ ልብሱን ከነክራባቱ ለበሰ። ልጅ አዲስ ትምህርት ቤት ስትገባ አባት እንዲሁ እንደ ነገሩ አይሄድም፤ አባቴም እኔን ሲያስመዘግብ ኮቱን ለብሶ ነበር። መዝጋቢዋ የኪራይ ውሉንና የመብራቱን ደረሰኝ ተቀብላ አድራሻውን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። ዝም አለች። ቀጥሎ የኮምፒውተሩን መስኮት ወደ እኛ አዙራ በእርሳሷ ጫፍ አንድ መስመር አሳየችን። መስመሩ በመንገዱ መሀል ያልፋል፤ ትምህርት ቤቱ ወዲህ፣ የእኛ ቤት ወዲያ። «እናንተ የሌላው ዲስትሪክት ናችሁ፤ እዚህ ልንመዘግባት አንችልም» አለች። ባለቤቴ አከራዩ ቢሮ የተነገረንን በትህትና ማስረዳት ሲጀምር አቋረጠችው። «ነገ ደግሞ በወዲህ በኩል የሚኖር የዘመድ አድራሻ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ብዙዎች እንደዚያ ያደርጋሉ፤ ሰው ልከን ቤት ድረስ እናጣራለን» አለችው።

ከኋላችን ሌሎች ወላጆች ተሰልፈዋል። ልጄ አዲሱን ቦርሳዋን አዝላ መሀላችን ቆማለች፣ እንግሊዝኛውን ከሁለታችንም አጥርታ ትሰማለች። ባለቤቴ በሕይወቱ የሰው ሳንቲም ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ወረቀቶቹን ሰብስቦ አመሰገናትና ወጣን፤ ክራባቱን መኪና ውስጥ ፈታው። ልጄ፣ «ምን አጠፋን?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም አላጠፋንም» አልኳት። ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው። በእውነተኛ ስማችን፣ በእውነተኛ ደረሰኝ፣ በቀጥታ በር የገባን ሰዎች ነን፤ ገና ሳንጠይቃት ለማጭበርበር እንደመጣን የቆጠረችን ያቺ ሴት ናት።

ከዲስትሪክት ወደ ዲስትሪክት ዝውውር መጠየቅ ይቻላል። መቀበል አለመቀበሉ ግን የተቀባዩ ፈቃድ ነው፣ እኛም ስንደርስ የማመልከቻው ጊዜ አልፎ ነበር። ውል ማፍረስ ደግሞ ቅጣት አለው። ስለዚህ ልጄ የኪራይ ውላችን እስኪያልቅ በአውቶቡስ ሌላ ትምህርት ቤት ተመላለሰች። መምህራኑ ደጎች ነበሩ፤ ለእነሱ ምስጋና አለኝ። ጠዋት ጠዋት ግን ልጄ አውቶቡስ እየጠበቀች፣ የሰው ልጆች መንገዱን ተሻግረው እዚያ ጡብ ትምህርት ቤት ሲገቡ በረንዳው ላይ ቆሜ ማየቱ አልለመደኝም።

የአሜሪካንን መልካም ነገር ደግሞ ልናገር፤ ካልተናገርኩ ግፍ ይሆናል። ሐዋሳ ቤት ስትፈልጉ ደላላው ይዟችሁ ሲሄድ አከራዩ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ «ልጆች ስንት ናቸው? እንግዳ ይበዛባችኋል?» ነው። ልጅ የበዛበት ቤተሰብ ግቢ ለግቢ ሲንከራተት አይቻለሁ፤ እንግዳ ተቀባይ ነን የምንል ሕዝብ ይህን ማድረጋችን ያሳፍረኛል። አሜሪካ ልጆች ስላሏችሁ ብቻ አላከራይም ማለት እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ የፌዴራል ሕግ በአብዛኛው የተከለከለ ነው። በሌላ በኩል የዚያ ሀገር ሰው ጎረቤትነቱ ከሰላምታ አያልፍም። ለእንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦ ቆርሼ ለጎን ቤታችን ወሰድኩ። በሚያምር ፈገግታ ተቀበለኝ፣ በማግስቱ የምስጋና ካርድ በራችን ሥር አገኘሁ፤ ካርዱ ላይ «ለጎረቤቶቼ» ይላል። ስማችንን ጠይቆን አያውቅም። በዚህ ዓይነት ሰፈር ውስጥ አንዲት እናት ልጇ ስትታመም ማንን እንደምትጠራ አስቡት። ስለዚህ ወገን አጠገብ መኖርን አትናቁ የምለው ከልቤ ነው፤ ከዘመድ ቤት መኪና የሚደርስበት ርቀት ላይ ሁኑ፣ ሰፈሩን ግን ዘመድ አይምረጥላችሁ።

ልጅ ያለው ሰው ፍለጋውን ከትምህርት ቤቱ ይጀምር። ዲስትሪክቶቹ አድራሻ አስገብቶ ትምህርት ቤትን ማወቂያ ድረ ገጽ አላቸው፤ የቤቱን ቁጥርና የመንገዱን ስም ራሳችሁ አስገቡ፣ ከዚያም ለዲስትሪክቱ ደውላችሁ አረጋግጡ። አከራይም፣ ደላላም፣ የአክስት ልጅም የሚላችሁን ሰምታችሁ አትፈርሙ። ቤተሰቡ ውስጥ በሜዲኬድ የሚታከም አዋቂ ካለ ጉዞው ከመቆረጡ በፊት መድኃኒቱን ከየት እንደሚያገኝ ይታወቅ። የሙያ ፈቃድ ያላችሁም እንዲሁ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሜሪላንድም ቴክሳስም የአንዱ ስቴት ፈቃድ በሌላው የሚያሠራበት የነርሶች ፈቃድ ስምምነት አባላት ስለሆኑ ያለ ሥራ አልተቀመጥኩም፤ ሁሉም ስቴት ግን በስምምነቱ ውስጥ የለም። ዜግነት ያልወሰዳችሁ ደግሞ አድራሻ በቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው። የዕቃ ማውረድ ግርግር ይህን ያስረሳል፣ ጠበቃ ዘንድ የሚያደርሰውም እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ለጓደኛዬ ወንድም ይህን ሁሉ ከሐዋሳ በድምፅ መልእክት ላክሁለት። ሚስቱም ነርስ ስለሆነች መጀመሪያ የፈቃዷን ጉዳይ እንድታጣራ ነገርኳት። ደግሞም ዳላስን በታኅሣሥ አይቶ እንዳይወስን አጥብቄ ለመንኩት፤ ከብርድ የሚሸሽ ሰው ታኅሣሥ ላይ ገነት የገባ ይመስለዋል፣ በነሐሴ ግን ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሲያልፍ ልጆቹን ሜዳ የሚያወጣበት ሰዓት ያጣል። ነሐሴ ላይ ብቻውን መጥቶ እኛ ዘንድ አረፈ። መኪና ተከራይቶ ከሚያስበው ቤት ወደ ሥራ በሚሄድበት ሰዓት በአውራ ጎዳናው ነድቶ አየው። ሁለት አድራሻዎች መርጧል። አንደኛው ርካሽ ነው፣ ዘመዱም እዚያው ግቢ ይኖራል፤ ድረ ገጹ ላይ ስናስገባው ልጆቹ የሚመደቡበት ትምህርት ቤት ዘመዱ ከነገረው የተለየ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው በወር ውድ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ግን ዲስትሪክቱ በስልክ ያረጋገጠለት ነው። ሚስቱ ሁለተኛውን መርጣለች፤ ዘመዱ አኩርፏል።